ቁስሉን ሊያጥቡት ነው

«ቁስሉን ሊያጥቡት ነው በያት። ከዚያ ሌላ እንዳትጨምሪ» አለ ካሣዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ወለላ በኮሪደሩ ጫፍ መወልወያዋን ባልዲው ውስጥ እየጨመቀች ነበር። ቀና ብላም አላየችው። በዚህ ሆስፒታል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እሷ ሲመጣ ወይ መጸዳጃ ቤቱ ተደፍኗል፣ ወይ አንድ ሰው ብሶበታል ማለት ነው። ካሣዬ ኮት ለብሷል፤ በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል፤ ጫማው ላይ ግን የሼኮ መንገድ ቀይ ጭቃ ደርቆበታል። የገጠር ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው። አራት ቁጥር አልጋ ላይ የተኛችው እናቱ አማረች ናት። በሽታዋ ስኳር ነው፤ የግራ እግሯ ጣቶች ከሰል መስለዋል፣ ጥቁረቱም ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ዛሬ ከጉልበቷ በታች ይቆረጣል። ይህን ሐኪሙ ያውቃል፤ ነርሷ ታውቃለች፤ ካሣዬ ትናንት ቢሮ ተጠርቶ ተነግሮታል፤ ወለላም የዚያኑ ቢሮ ወለል ስትወለውል ሰምታለች። ያልተነገራት የእግሩ ባለቤት ብቻ ናት።

«አንተስ አፍ የለህም?» አለችው። «እናትህ ናት፤ ቋንቋውም ቋንቋህ ነው።»

«እኔማ ልጇ ነኝ፤ እኔ ስዋሽ ታውቃለች።» ወደ ክፍሉ በር ዞር ብሎ አየና ተመለሰ። «እትዬ ወለላ፣ ቆረጣ ነው ካልሻት እምቢ ትላለች። እምቢ ካለች ይዣት ልመለስ ነው። ይዣት ከተመለስኩ ደግሞ…» አልጨረሰውም። «ለበሽተኛ ክፉ ነገር አይነገርም። መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተልኮ ነው የሚነገረው።»

«ስለዚህ እኔ ሽማግሌ ሆንኩ» አለች ወለላ፣ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ እያስደገፈች።

በቅጥር ደብዳቤዋ ላይ የሚለው «የጽዳት ሠራተኛ» ነው። አባቷ ከጎጃም መጥቶ ሚዛን ከተማ የቀረ ወታደር፣ እናቷ የቤንች ሰው ነበሩ፤ በአማርኛ ትሳደባለች፣ በቤንችኛ ታለቅሳለች፤ ሁለቱንም አሳምራ ትችላለች። ሐኪሞቹ ከሩቅ ከተማ ተመድበው ይመጣሉ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ዝውውር ያገኛሉ። በሽተኛው ግን ያው ከጫካው፣ ከቡናው ሥር የሚመጣው ሰው ነው፤ አማርኛው ከገበያ የማያልፍ፣ «ስንት ነው»፣ «ቀንስ»፣ «መርቅ»። «ወለላን ጥሯት» ከተባለ ወይ ወለሉ ላይ የሆነ ነገር ፈሷል፣ ወይ ከበሽተኛው ጋር መግባባት አልተቻለም። ለፈሰሰው ደመወዝ አላት፤ ላልተግባባው ምስጋና። በተመላላሽ ክፍሉ መግቢያ ላይ በመስታወት የተለበጠ «የታካሚዎች መብትና ግዴታ» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ ዘወትር ዓርብ አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት። ስድስተኛ ክፍል ስለደረሰች ታነበዋለች። አራተኛው ተራ ቁጥር ላይ ማንኛውም ታካሚ ስለ ሕመሙና ስለሚደረግለት ሕክምና በሚገባው ቋንቋ ማብራሪያ የማግኘት መብት አለው ይላል። የተጻፈው በአማርኛ ነው።

እውነቱን መናገር አቅቷት አልነበረም። አምና አንድ ማር ነጋዴ ሽማግሌ እንዲሁ እግሩ ሲጠቁር፣ ሐኪሙ ያለውን አንድም ቃል ሳታጎድል ነገረችው። ሰውዬው አመስግኗት፣ በትሩን አንስቶ፣ እያነከሰ በግቢው በር ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ላይ የእህቱን ልጅ አገኘቻትና «አጎትሽ እንዴት ሆኑ?» ስትላት፣ ልጅቷ በራሷ ላይ ያሰረችውን ጥቁር ሻሽ በጣቷ አሳየቻት። ማንም ወለላን አልወቀሳትም። ወቃሽ ባለመኖሩም ነገሩ ከውስጧ የሚወጣበት ቀዳዳ አጣ። ስለዚህ ካሣዬ «እምቢ ትላለች» ሲል፣ ወለላ የሽማግሌው ጀርባ በግቢው በር ሲወጣ ታያት።

ሦስት ሰዓት ላይ ዶክተር ባስልኤል ፎርሙን ይዞ መጣ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሚዛን ከተመደበ ሰባት ወሩ፤ ሲናገር እንደ መምህር ጣቱን ያነሳል። ነርሷ ሲስተር ሐፍሳ የማኅተም ቀለሙን ይዛለች። ካሣዬ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል፤ ውጭ ዝናብ እንጂ የሚታይ ነገር የለም። ሐኪሙ ስለ ስኳር አስረዳ፣ ስለ ደም ሥር አስረዳ፣ እግሩ ካልተቆረጠ መርዙ ወደ ደም ገብቶ በቀናት ውስጥ እንደሚገድላት፣ ከተቆረጠ ደግሞ በክራንች መሄድ እንደምትችል፣ ሰው ሠራሽ እግርም ሌላ ከተማ እንደሚሠራ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳ። መቼም ጥሩ ማስረዳት ነበር። አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። አማረች አፉን አፉን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች፤ ወጣት ሰው ደክሞ ሲናገር መነቅነቅ ደግ ነው።

«በይ ንገሪያት፤ ሁሉንም» አለ ዶክተሩ።

ወለላ ጎንበስ አለችና በቤንችኛ፣ «እናቴ፣ ቁስሉን ሊያጥቡልሽ ነው» አለች።

«ማጠብ ብቻ?»

«ማጠብ።»

የአማረች ፊት ተፈታ። ወለላ ያልጠበቀችው ይህንን ነው። የሃምሳ አምስት ዓመት ሴትዮ በአንዴ ልጃገረድ መሰለች፤ የወለላን እጅ ይዛ ሳመቻት። «ጠይቂው እስቲ፤ ታጥቦ በስንት ቀን ይደርቃል? ቡናው ቀልቷል፤ ሰው ቀጥሬ ካላስለቀምኩ ዝንጀሮ ነው የሚለቅመው።»

«ምን አለች?» አለ ዶክተሩ።

«መቼ ነው ቤቴ የምገባው ነው የምትለው» አለች ወለላ። ይሄም ውሸት አልነበረም።

«ጎበዝ ናት! ሌላው ሰው እኮ ያለቅሳል» አለ ዶክተሩ ለሲስተር ሐፍሳ፤ ከልቡም አደነቀ። «ጽንዓቷን አየሽ?» ወደ ወለላም ዞሮ፣ «ትስማማለች አይደል?» አለ፤ ወለላ ራሷን ነቀነቀች። ሲስተር ሐፍሳ ወለላን አንድ ጊዜ አየቻት። አሥራ አራት ዓመት እዚህ ስለሠራች የአራት ደቂቃ ንግግር በቤንችኛ በሁለት ቃል እንደማያልቅ ታውቃለች። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ሦስት ክፍል ይጠብቃታል፤ የአማረችን አውራ ጣት ይዛ ቀለሙ ላይ፣ ከቀለሙም ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ካሣዬ ከመስኮቱ ዞሮ «ምስክር» በሚለው ቦታ ላይ ፈረመ፤ ፊርማው ቆንጆ ነበር።

መብራት ጠፋ። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ሊያመጣ ወደ አማን ከተማ የወረደው ሰው እስኪመለስ ቀዶ ሕክምናው ወደ ስድስት ሰዓት ተገፋ። ወለላ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት አራት ቁጥር አልጋ ያለበትን ክፍል ላለመወልወል ስትል ንጹሑን ኮሪደር ሁለት ጊዜ ወለወለችው። በመጨረሻ ግን የክፍሉ ተራ ደረሰ። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ስለሚጮህ ሰዉ ሁሉ እየጮኸ ነው የሚያወራው። የአማረች እግር ጠረን በሩ ላይ ይቀበላል፤ የጎረቤት አስታማሚዎች ሎሚ ቆርጠው አፍንጫቸው ሥር ይይዛሉ። ካሣዬ ከግቢው በር አምስት በሦስት ብር የሚሸጠውን ሙዝ ገዝቶ መጥቷል፤ ለቀዶ ሕክምና ምግብ ክልክል ነው ስለተባለ ግን ሙዙ ጭኑ ላይ ነው። እናቱ ታየዋለች፤ እሱ ሙዙን ያያል።

«ሴትዮዋ እግሯን ሊቆርጧት መሆኑን እስካሁን አታውቅም አሉ?» አለች ትርፌ፣ ከአምስት ቁጥር አልጋ፣ ድምጿን ሳትቀንስ። ትርፌ ልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ እህቷን ልታስታምም ከገባች ሰባት ቀኗ፣ የክፍሉን በሽታ ሁሉ በቃሏ ታውቀዋለች። «ኧረ እኔን ቢያደርጉኝ ሆስፒታሉን ነበር የማቃጥለው!»

«ዝም በይ አንቺ፤ የራስሽን አስታሚ» አለቻት ወለላ።

«ምን አልኩ? አማርኛ አትሰማ!»

አማረች ስለ እሷ እንደተወራ ገብቷት ለትርፌ በአክብሮት ራሷን ዝቅ አደረገች። ትርፌም ደነገጠችና አጸፋውን ራሷን ዝቅ አድርጋ ወደ እህቷ ዞረች። አማረች ወለላን በጣቷ ጠራቻት። ለብ ያለ ውኃ ብታመጣላት እግሯን መለቃለቅ ትፈልጋለች፤ ቆሻሻ እግር ለሐኪም አይሰጥም። ካሣዬ «አያስፈልግም እማዬ» አለ፤ ወለላ ግን ውኃውን አመጣች። በፋሻ የታሰረውን እግር መንካት ስለማይቻል ጤነኛውን አጠበችላት፤ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ የቡና መሬት የተላበሰ ጠንካራ እግር ነው። አማረች የቡናዋን ነገር ታወራለች። ሦስት ሴቶች ቀጥራ ታስለቅማለች፤ በሦስተኛው ሳምንት ራሷ ትወርዳለች፤ ማድረቂያው አልጋ ላይ የሚሰጣውን ቡና ከራሷ በቀር ማንም በሥርዓት አያገላብጠውም። ወለላ አፏን ሁለት ጊዜ ከፈተች። ሁለቱንም ጊዜ ካሣዬ ከሙዙ ላይ ቀና አለ። ዝናቡ ሲያባራ የጄኔሬተሩ ድምፅ ተሰማ።

ወለላንም አረንጓዴ ልብስ አልብሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ አስገቧት፤ በአማረች ወገብ የሚወጋው የማደንዘዣ መርፌ እስኪገባ «ጎንበስ በይ፣ አትንቀሳቀሺ» የሚላት ሰው ያስፈልጋል። መርፌው ከወገብ በታች ብቻ ነው የሚያደነዝዘው፤ በሽተኛው አይተኛም። ይህንን ወለላ አላሰበችውም፤ ካሣዬም አላሰበውም፤ ሁለቱም በልባቸው ተኝታ ትነሣለች ብለው ነበር። ደረቷ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ እንደ መጋረጃ ተዘረጋ። ከመጋረጃው ወዲህ የአማረች ፊትና ወለላ አሉ፤ ከወዲያ ዶክተሩና ሲስተር ሐፍሳ። የማደንዘዣው ባለሙያ ከራስጌ ተቀምጦ የልብ ምቷን ይከታተላል። መጀመሪያ ላይ የብረት ኳኳታ ብቻ ነበር። ቆይቶ መጋዙ ጀመረ።

«ምንድን ነው የሚጋዘው?» አለች አማረች።

«እንጨት ነው» አለች ወለላ፤ ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣው። «የአልጋ እግር ተሰብሮ… እየጠገኑ ነው።»

አማረች አዳመጠች። ጣሪያውን እያየች፣ ረጋ ብላ አዳመጠች።

«ባሌ ቀፎ ሠሪ ነበር» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ነው እንጨት ሲጋዝ የሰማሁት። ይሄ እንጨት አይደለም።»

ወለላ የአማረችን እጅ ያዘች።

«እግሬ ነው?»

«አዎ እናቴ።»

«ካሣዬ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«አንቺም ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ያቺም ሴትዮ ታውቅ ነበር፤ ያቺ አልጋዬ አጠገብ ያለችው። እኔን ነበር የምታዝንልኝ ለካ።» መጋዙ ቆመ፤ ደግሞ ቀጠለ። የአማረች ድምፅ ከፍም ዝቅም አላለም። «እምቢ የምል መስሏችሁ ነው? ሁለት ወር ሙሉ የሸተተው እኮ ለእኔ ነው። ቆርጠው ይጥሉት ብዬ ነው ከቤቴ የወጣሁት፤ ጎረቤቶቼን ተሰናብቼ። ለካሣዬ ያልነገርኩት እንዳይደነግጥብኝ ነው፤ ልጅ ሆኖም ደም ማየት አይችልም። አንቺ ሊያጥቡት ነው ስትይኝ፣ ‘ሞኝ ነሽ፣ ለካ ይድናል’ አልኩ ለራሴ። ደስ አለኝ። አሁን ያን ደስታዬን ምን ላድርገው?»

«ምን እያለች ነው? ያማታል እንዴ?» አለ ዶክተር ባስልኤል ከመጋረጃው ጀርባ።

«አያማትም» አለች ወለላ። ቀጥላም፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሰማችውን ሁሉ ምንም ሳትቀንስ በአማርኛ ተናገረች፤ ቀፎውንም፣ ጎረቤቱንም፣ ደስታውንም።

መጋዙ ቆመ። «ሳታውቅ ነው እንዴ የፈረመችው?»

«አሻራ ነው ያደረገችው።»

«እኔ እኮ ጠይቄ ነበር! ይስማማሉ ወይ ብዬ…»

«እኔን ነው የጠየቁት፣ ዶክተር።»

«ደም እየፈሰሰ ነው» አለ የማደንዘዣው ባለሙያ በቀስታ። በተጀመረ እግር ላይ ሁለት ምርጫ የለም፤ ዶክተሩ ጣቱን ሳያነሳ መጋዙን ቀጠለ። አማረች ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እግሩ እንዳይጣልባት። ቤቷ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ባሏ አጠገብ ይቀበርላት። «እኔ ስሞት ግማሼ ሌላ አገር እንዳይቀር።» ወለላ ይህንንም ተረጎመች። ዶክተሩ ቀና ሳይል፣ «ቤተሰቡ ፈርሞ መውሰድ ይችላል፤ ስጧቸው» አለ።

ካሣዬ የተቀመጠው በጓሮው በር፣ ድንጋይ ላይ ነበር። ወለላ በድርብ ላስቲክ የታሰረውን እግር በባልዲ ይዛ ወጣችና አስረዳችው፤ እናቱ ያለችውን ሁሉ። ካሣዬ እጁን ሰደደና ላስቲኩን በጣቱ ጫፍ ነካው፤ ነክቶም በፍጥነት ሰበሰበው። ሙቀቱ ገና አልወጣለትም።

«በምን ነው የምወስደው?» አለ። «አይሱዙ ላይ፣ ከሰው መሀል ተቀምጬ? ምን ይዘሃል ሲሉኝ ምን ልላቸው ነው? ተማሪዎቼ፣ ወላጆች፣ ሁሉም በዚያ መኪና ነው የሚሄደው። ከመኪና ወርጄ ደግሞ ሁለት ሰዓት በእግር…» ‘እግር’ የሚለው ቃል አፉ ላይ ሲደርስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲያለቅስ ሁለቱ እስክሪብቶዎች ይንቀጠቀጡ ነበር። ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገና፣ «ወሰደው በያት» አለ። «ከዚያ ሌላ እንዳትጨምሪ።»

የሆስፒታሉ ቆሻሻ የሚጣልበት ጉድጓድ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ሲሚንቶ የተለሰነ፣ የብረት ክዳን ያለው። ወለላ በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትከፍተው አታውቅም፤ የማዋለጃ ክፍሉን ባልዲ የምታወርደውም እዚያው ነው። ዛሬ ክዳኑን ካነሣች በኋላ ቆማ የምትለው ነገር ፈለገች። በአማርኛም በቤንችኛም አጣች። ለቀቀችው፤ እስኪያርፍ ጆሮዋን ሰጠች፤ ክዳኑን መለሰች።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አማረች ወደ አልጋዋ ተመልሳ ነበር። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ከፍ ብሏል፣ በሌላው በኩል ጠፍጣፋ ነው። ካሣዬ ከግርጌዋ ቆሟል። ትርፌ ጀርባዋን ሰጥታ ለእህቷ ብርቱካን ትልጣለች፤ ቋንቋውን ባትሰማም መላጡን አቆመች።

«ወሰደው?» አለች አማረች ለወለላ፤ ልጇ አጠገቧ ቆሞ ሳለ እሱን አልጠየቀችውም።

ወለላ ካሣዬን አየችው። ካሣዬ ብርድ ልብሱን ያይ ነበር።

«አልወሰደውም እናቴ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ አለ። እዚያ ጣልኩት። የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ካሣዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አማረች ዓይኗን ከደነች።

«ጥልቅ ነው?»

«ጥልቅ ነው።»

«ውሻ አይደርስበትም?»

«የብረት ክዳን አለው።»

«ሌላ ማን አለ እዚያ?»

«የሚበዛው የሕፃናት እንግዴ ልጅ ነው።»

አማረች ይህንን እንደ ገበያ ዕቃ አገላብጣ አሰበችበት። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ወደ ልጇ ዞረች። «እህል ቀምሰሃል?» አለችው። «ሂድ ብላ። ፊትህ አመድ መስሏል።» ሙዙን ከጠረጴዛው ላይ በጣቷ አሳየችው፤ እሱም እንደ ልጅ አንድ ገነጠለና ይዞት ቆመ፤ ሳይልጠው።

ዶክተር ባስልኤል የገባው ያኔ ነው። ፊቱን ታጥቧል፤ ፎርም አልያዘም። ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሰባት ወር ሙሉ በዚህ ክፍል ተቀምጦ አያውቅም። ይቅርታ እንደሚጠይቃት፣ በራሱ ማጣራት እንደነበረበት፣ ስኳሩ ካልተያዘ ደግሞ ሌላኛውም እግር አደጋ ላይ መሆኑን፣ ስለዚህ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ መውሰድ እንዳለባት ተናገረ። በየዐረፍተ ነገሩ እየቆመ ወለላን ጠበቃት፤ ወለላም በየዐረፍተ ነገሩ ተረጎመች። በዚህ ጊዜ ቤንችኛው ከአማርኛው ረዘመ። አማረች ራሷን አልነቀነቀችም። ሲጨርስ አጭር ነገር ተናገረች።

ዶክተሩ ወደ ወለላ ዞረ። «ምን አለች?»

«ሌላኛውን ስትፈልጉ ቀድማችሁ ጠይቁኝ ነው ያለችው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አልጨመረችም።»